ልጅ አፉን ሲፈታ በደብተር መከታተል፦ ከ1 እስከ 4 ዓመት ልጅ ላላቸው ወላጆች

«ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ ገና አያወራም። ዘገየ ማለት ነው?» ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም። እኔም መልሼ «ስንት ቃል ይላል?» እላለሁ። እናት «አሥር ቢሆን ነው» ትላለች። አባት «ኧረ ሁሉንም ይላል፤ ሰው ፊት ስለሚያፍር ነው እንጂ» ይላል። አያት ደግሞ «አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ልጅ ነው። ከመካከላቸው የዋሸ የለም፤ የጻፈም የለም።

ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው ሥራ አንድ ነው፦ የሁለት ሳምንት ደብተር፣ አንድ የሃያ ደቂቃ ቅጂ እና የአንድ ምሽት ቆጠራ። ሥራው ሕክምና አይደለም። ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ «ብዙም አያወራም» ከማለት ይልቅ የምታሳዩት ነገር እንዲኖራችሁ የሚያደርግ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 50 ገጽ ደብተር፣ እርሳሱ በክር የታሰረበት። ካልታሰረ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ይወስደዋል።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ በቂ ባትሪና ባዶ ቦታ ያለው።
- የልጁ የክትባት ካርድ።
- ልጁ የሚያውቃቸው መጫወቻዎች፦ የፕላስቲክ ሲኒዎች፣ ዶሮና ላም፣ አሻንጉሊት፣ ባዶ የብስኩት ካርቶን። አዲስ አትግዙ፤ አዲስ መጫወቻ የያዘ ልጅ ዝም ብሎ ይመረምራል እንጂ አያወራም።
- ሥዕል የበዛበት፣ ጽሑፍ ያነሰበት መጽሐፍ።
- ቀን ቀን ከልጁ ጋር የሚውለው ሰው፦ አያት፣ ሞግዚት ወይም አክስት። ይህ ሰው ካልተባበረ የደብተሩ ግማሽ ባዶ ይቀራል።

1. በመጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ

ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። «ይሰማል፣ በር ሲንኳኳ ይሮጣል» ይላሉ። በከፊል የማይሰማ ልጅም በር ሲንኳኳ ይሮጣል። የሚያመልጡት እንደ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ያሉት ቀጭንና ደካማ ድምፆች ናቸው፤ እነዚህን ያልሰማ ልጅ ደግሞ ቃሉን ጎደሎ አድርጎ ይይዘዋል። ጉንፋን የሚደጋገምበት ልጅ ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሲጠራቀም ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማ ሰው ይሆናል። ከጀርባው ሆኖ ማጨብጨብም አያስተማምንም፤ ጥላችሁን ያያል፣ የአየሩ ንዝረት ይሰማዋል፣ ይዞራል። እናንተም «ደህና ነው» ብላችሁ ስድስት ወር ታባክናላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጆሮው መግል ካለው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አትጨምሩበት።

2. ዕድሜውን በወር አስሉ

በዚህ ዕድሜ «ሁለት ዓመት ከምናምን» አይበቃም፤ በ24 እና በ30 ወር መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ስህተቱ የሚፈጠረው ከዘመን አቆጣጠሩ ነው። የክትባት ካርዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ የዛሬውን ቀን ከስልካችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ከወሰዳችሁ ሒሳቡ ይበላሻል። አንዱን ምረጡና በእሱ ጨርሱ።

ምሳሌ፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 የተወለደ ልጅ መስከረም 12 ቀን 2018 ላይ 33 ወሩ ነው። እስከ ታኅሣሥ 2017 ድረስ 24 ወር፣ ከዚያ እስከ መስከረም 9 ወር። ጳጉሜን እንደ ወር አትቁጠሯት።

ልጁ ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ የቀደመባቸውን ሳምንታት ቀንሱለት። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የ18 ወር ልጅ የሚመዘነው እንደ 16 ወር ልጅ ነው።

3. የሁለት ሳምንት የቃል ደብተር ያዙ

ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉ፦ ቀን፣ ልጁ ያለው፣ ማለት የፈለገው፣ እና ቃሉ የወጣበት ሁኔታ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ የምትጽፉት ከልጁ አፍ የወጣውን እንጂ ትክክለኛውን ቃል አይደለም። «ቀሚስ»ን «ከሚስ» ካለ «ከሚስ» ተብሎ ይጻፋል። ካስተካከላችሁት ባለሙያው የሚፈልገውን መረጃ አጠፋችሁት ማለት ነው፤ የትኛው ድምፅ በየትኛው እንደተተካ የሚታየው ከዚያ ነው።

እንደ ቃል የሚቆጠረው ምንድን ነው? ሦስት መስፈርት አለው። ልጁ ለአንድ ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ይጠቀማል፤ በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ ይለዋል፤ ሰው ሳያስብለው ከራሱ ይለዋል። በዚህ መሠረት «ኡሃ» ለውሃ ቃል ነው። ዶሮን «ኩኩሉ»፣ ላምን «እምቧ» ማለትም ቃል ነው። «በል እስኪ፣ አባዬ በል» ተብሎ ከአፍ የተቀዳ ግን አይቆጠርም፤ መድገምና መናገር ይለያያሉ።

በደብተሩ ጀርባ ደግሞ «የሚገባው» የሚል ገጽ ክፈቱ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ገጽ ይህ ነው። ጥቂት የሚናገር ግን ብዙ የሚገባው ልጅና ጥቂት የሚናገር ጥቂትም የሚገባው ልጅ ቤት ውስጥ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው። ስትፈትኑ እጃችሁንም ዓይናችሁንም ያዙ። ጫማው ወዳለበት እያያችሁ «ጫማህን አምጣ» ካላችሁት የታዘዘው ዓይናችሁን ነው። ፊቱን እያያችሁ ተናገሩ። ካመጣ ጻፉ። ካላመጣ አትቆጡ፣ አትድገሙ፤ በሌላ ቀን ሞክሩ።

ጠቁሞ ማሳየትን፣ እጅ ማወዛወዝን፣ ራስ መነቅነቅንም መዝግቡ። ቃል ከመምጣቱ በፊት ጣት ይመጣል።

4. ቤታችሁ ሁለት ቋንቋ ካለው

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ወላጆች ይህን ብላችሁ ትጽፉልኛላችሁ፦ «ሐኪሙ ሳይሆን ጎረቤቱ አማርኛውን ተዉት አለን።» አዳማ ያሉትም አማርኛና አፋን ኦሮሞ ስለመቀላቀል ይጠይቁኛል። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም። የሚያታልለው አቆጣጠሩ ነው፤ የአማርኛውን ብቻ ከቆጠራችሁ ግማሽ ልጅ ነው የቆጠራችሁት። እ.ኤ.አ. በ1993 ባርባራ ፒርሰንና ባልደረቦቿ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የሚሰሙ ሕፃናትን ባጠኑበት ጊዜም የሁለቱ ቋንቋ ቃላት አንድ ላይ ሲታዩ ልጆቹ ከባለ አንድ ቋንቋዎቹ ወደኋላ የቀሩ አልነበሩም።

ስለዚህ አምስተኛ ዓምድ ጨምሩና ቋንቋውን ጻፉ። ልጁ «ውሃ»ም «ቢሻን»ም ካለ ሁለት ቃል፣ አንድ ሐሳብ ብላችሁ ያዙ። ሁለቱንም ድምር ለባለሙያው አሳዩ። እናንተ በደንብ የምታወሩትን ቋንቋ ደግሞ አትተዉ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚያወራ ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው አጭርና ደረቅ ዓረፍተ ነገር ነው።

5. የሃያ ደቂቃ ቅጂ ውሰዱ

ልጁ ተኝቶ ከተነሣና ከበላ በኋላ ይሁን። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይጥፉ፤ የስልኩም ጥሪ ይዘጋ። ስልኩን ከልጁ አንድ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ ከእይታው ውጭ፣ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት የሲኒው ኳኳታ ንግግሩን ይውጠዋል። ልጁ ስልኩን ካየ ደግሞ ሥራው እዚያ ያበቃል፤ ቪዲዮ እንዲከፈትለት ያለቅሳል።

አሁን ትልቁ ስህተት። ወላጅ ቅጂ ሲጀምር ፈታኝ ይሆናል። አንዲት እናት ያመጣችልኝ የመጀመሪያ ቅጂ እንዲህ ይላል፦

እናት፦ ይህ ምንድን ነው?
ልጅ፦ ዶሮ።
እናት፦ ይህስ?
ልጅ፦ ላም።
እናት፦ ላም ምን ትላለች?
ልጅ፦ እምቧ።
እናት፦ ጎበዝ! ይህስ?

ሃያ ደቂቃው በሙሉ እንዲህ ነው። ልጁ አንድ አንድ ቃል ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ ግን ጥያቄው ራሱ ከአንድ ቃል በላይ አይጠይቅም። በማግስቱ በእነዚያው መጫወቻዎች፣ ያለ ጥያቄ እንድትቀዳ ነገርኳት፦

እናት፦ እኔ ቡናዬን ልጠጣ ነው። (ሲኒውን አንስታ ዝም አለች።)
ልጅ፦ ስኳር የለም።
እናት፦ ውይ! ስኳር የለም?
ልጅ፦ ዶሮዋ በላች።
እናት፦ ዶሮዋ ስኳሩን በላችው!
ልጅ፦ ሁሉንም በላች። ሂጂ አልኩ።

ልጁ ያው ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ያዙ። ልጁ የጀመረውን ጨዋታ ተከተሉ። ከመጠየቅ ይልቅ የምታደርጉትን ተናገሩ። ከተናገራችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ዝምታው ይከብዳችኋል፤ ግን ልጁ ቃሉን ፈልጎ የሚያመጣው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ልጆች የሚፍታቱት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅጂውን ለባለሙያ እንጂ ለዘመድ ቡድን አትላኩ፤ ማኅበራዊ መገናኛ ላይም አትለጥፉ። ልጁ እንዲህ አድርጉ ብሎ አልፈቀደም። በቤቱ ያሉ አዋቂዎችም እየተቀዳ መሆኑን ይወቁ።

6. በዚያው ቀን ጻፉት

ነገ ስታዳምጡት «ይህን ማለቱ ምን ነበር?» ትላላችሁ። አሥር ደቂቃ ቅጂ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ቢፈጅባችሁ አትደነቁ። የልጁን እያንዳንዱን ንግግር በአንድ መስመር ጻፉ። ሲያርፍ ወይም ድምፁ ሲወርድ መስመሩ ያልቃል። ያልገባችሁን ቃል «×» አድርጉ፤ በግምት አትሙሉ። የእናንተንም ንግግር ጻፉ፤ ጥያቄ እንዳበዛችሁ የሚታያችሁ ያኔ ነው። 50 የልጁ መስመር ከደረሳችሁ ይበቃል።

7. ቆጠራው፦ አማርኛ እዚህ ላይ ይለያል

ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናቱ የሦስት አሜሪካውያን ልጆችን ንግግር አማካይ ርዝመት በመለካት የቋንቋ ዕድገትን ደረጃ በደረጃ አሳየ። መለኪያው ዛሬም ይሠራበታል። የእሱን የቆጠራ ሕግ ግን እንዳለ ወደ አማርኛ አትውሰዱ፤ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ በሦስት በአራት ቃል የሚለውን አማርኛ በአንድ ግሥ ያሽገዋል። «አልሰጠኝም» አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን አሉታው፣ መስጠቱ፣ ሰጪው «እሱ» እና ተቀባዩ «እኔ» አሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር ለየብቻ መዝግቡ።

ሀ. አማካይ ርዝመት። የቃሉን ብዛት ለመስመሩ ብዛት አካፍሉ። ለምሳሌ፦

ስኳር የለም — 2
አልፈልግም — 1
ዶሮዋ ወተት ትጠጣለች — 3
ና እዚህ — 2
የኔ ነው — 2

ድምሩ 10፣ መስመሩ 5፣ አማካዩ 2። ይህን ቁጥር ከጎረቤት ልጅ ወይም ከእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ ጋር አታወዳድሩት። የሚወዳደረው ከሦስት ወር በኋላ ከራሱ ከልጁ ቁጥር ጋር ነው።

ለ. የግሥና የስም ቅጥያዎች። በሌላ ገጽ ዘርዝሩና የታየውን ምልክት አድርጉበት፦ አሉታ («አል-…-ም»፣ «የለም»)፣ «እኔ» የሚያሳይ ግሥ («በላሁ»)፣ ሴትና ወንድ መለየት («በላ»፣ «በላች»)፣ የእኔነት («ቤቴ»)፣ ብዙ ቁጥር («ልጆች»)፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» እና «ወደ»። ከላይ ያለው «አልፈልግም» በርዝመት ቆጠራ 1 ብቻ ቢያገኝም እዚህ ገጽ ላይ ሁለት ምልክት ያስገኛል። ርዝመቱን ብቻ የያዘ ሰው ይህን ልጅ ይበድለዋል።

ስህተቶቹንም ሳታርሙ ጻፉ፤ ከትክክለኛው ንግግር የበለጠ የሚነግሯችሁ ጊዜ አለ። «ና» በማለት ፈንታ «ምጣ» የሚል ልጅ ከማንም አልሰማውም። «ውጣ» እና «ምታ» ከመሳሰሉት ሕጉን አውጥቶ ራሱ የሠራው ነው። ወንድ ልጅም እናቱን «ና» ሊላት ይችላል፤ እሷ እሱን የምትጠራው እንደዚያ ነዋ። ሁለቱም ልጁ ቋንቋውን እየሠራው መሆኑን ያሳያሉ እንጂ አያስደነግጡም።

8. ከመንገድ ምልክቶች ጋር አመሳክሩ

የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ያሻሻለው ዝርዝር ከአራት ልጆች ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚደርሱበትን ያስቀምጣል። ከንግግር ጋር የተያያዙት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- በ15 ወር፦ ከ«እማማ» እና «አባባ» ሌላ አንድ ወይም ሁለት ቃል ይሞክራል።
- በ18 ወር፦ ከእነዚያ ሌላ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቃል ይሞክራል፤ ያለ እጅ ምልክት አንድ ትእዛዝ ይፈጽማል።
- በ24 ወር፦ ሁለት ቃል ያጋጥማል፤ ሲጠየቅ ቢያንስ ሁለት የሰውነት ክፍል ያሳያል።
- በ30 ወር፦ ወደ 50 የሚጠጋ ቃል ይላል።
- በ3 ዓመት፦ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ይነጋገራል፤ ሌላ ሰው ብዙውን ጊዜ ንግግሩን ይረዳዋል።

በ24 ወር ላይ «አልፈልግም» የሚል ልጅ ሁለት ቃል አላጋጠመም ብላችሁ አትጣሉት፤ 7ኛው ተራ ቁጥር ላይ ያልኩትን አስታውሱ። በሌላ በኩል ዘግይተው የሚጀምሩ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪገቡ ይደርሳሉ፤ የትኛው ልጅ እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ መለየት አይቻልም። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብሎ መቀመጥ የማይመከረው ለዚህ ነው።

ደብተሩ እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም የምትሄዱባቸው ሁኔታዎችም አሉ፦ ልጁ ይላቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት፣ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ በ18 ወሩ የሚፈልገውን ወይም የሚያስደንቀውን በጣቱ የማያሳይ ከሆነ። በተለይ የቃል መጥፋት በየትኛውም ዕድሜ ቢታይ አይጠበቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ምላሱ ታስሯል» ወይም «እንጥሉ ወርዷል» ለሚል ሰው ልጃችሁን አትስጡ። ምላስ ሥር ያለው ክር ማጠሩ ጡት ለመጥባት ሊያስቸግር፣ አንዳንድ ድምፅም ሊያከብድ ይችላል፤ ቃል እንዳይገባው ግን አያደርግም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ አፍ አይፈታም።

9. ቀጠሮው እስኪደርስ በየቀኑ አሥር ደቂቃ

የንግግርና የቋንቋ ባለሙያ በየከተማው አይገኝም፤ ወረፋውም ረጅም ነው። እስከዚያው መጽሐፉን አውጡ። አታንብቡለት፤ ሥዕሉን እያያችሁ አውሩ። ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት፣ ወላጆች ለአንድ ወር ያህል በዚህ መንገድ መጽሐፍ እንዲያዩ ሲሠለጥኑ የልጆቻቸው ንግግር እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው ልጆች ልቆ ተገኝቷል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ልጁ ወዳየው ሥዕል ሂዱ። እሱ «ዶሮ ሄደች» ሲል እናንተ «አዎ፣ ዶሮዋ ወደ ቆጥ ሄደች» በሉ። አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ጨምሩ፤ አምስት ከጨመራችሁ ይጠፋበታል። ከዚያ ጠብቁ። ከደገመው መልካም፤ ካልደገመው ገጹን ግለጡ። «በል» ብላችሁ አታስገድዱ። ያው መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ቢመጣ አትሰልቹ፤ የሚመጣውን ገጽ ማወቁ ነው ቃሉን ቀድሞ እንዲያወጣ የሚያደርገው።

ቪዲዮ ይህን ሥራ አይተካም። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ቻይንኛ ሰምተዋል። ሰው ፊት ለፊት ያነጋገራቸው የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ተማሩ፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩትና በድምፅ ብቻ የሰሙት ግን አልተማሩም። ስክሪን ልጁ ወዴት እንዳየ አያይም፤ መልሱንም አይጠብቅም።

10. በሦስት ወሩ ድገሙት

በእነዚያው ሲኒዎች፣ በዚያው ሰው፣ በዚያው ሰዓት ይሁን። መጫወቻውን ወይም ሰውየውን ከቀየራችሁ የተለወጠው ልጁ ይሁን ጨዋታው አይታወቅም። ወደ ባለሙያው ስትሄዱ ሁለቱንም ቅጂ፣ ደብተሩን፣ የክትባት ካርዱንና የጆሮ ምርመራውን ውጤት ያዙ። ደብተሩ ውስጥ የወተት ጠብታና የእርሳስ ጭረት ቢኖር በአዲስ ደብተር አትገልብጡት፤ ስትገለብጡ «ከሚስ» የነበረው «ቀሚስ» ይሆናል።